ቀዩ ስልክ ስልክ አይደለም፤ ከዋሽንግተን ሞስኮ መልእክት የሚሄደው በምን በኩል ነው?

ሽቦ ዘርጊ (ክሩን የከፈተ)

«ፕሬዚዳንቱ ቀዩን ስልክ አንስቶ ለምን አይደውልም?» የሚለው ጥያቄ በሌሎች ክሮች ላይ ደጋግሞ ስለሚነሳ ለብቻው ላውጣው። በዋሽንግተንና በሞስኮ መካከል ለክፉ ቀን የተዘረጋው መስመር ቀይም አይደለም፣ ስልክም ሆኖ አያውቅም። ሲጀመር የጽሑፍ መስመር ነበር፣ ዛሬም የጽሑፍ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ነገሩ የመጣው ከኩባው የሚሳይል ቀውስ ነው። በኦክቶበር 1962 ክሩሽቼቭ ለኬኔዲ የጻፈው 3 ሺህ ቃል ገደማ ያለው ደብዳቤ ሞስኮ ላለው የአሜሪካ ኤምባሲ ተሰጥቶ፣ ተመስጥሮ፣ ተልኮ፣ እንደገና ተፈትቶ ዋሽንግተን ላይ ሙሉውን እስኪያነቡት ድረስ 12 ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በዚያኛው በኩል የባሰ ነበር። የሶቪየቱ አምባሳደር ዶብሪኒን የተመሰጠረ ቴሌግራሙን የሚልከው በዌስተርን ዩኒየን ነው፤ ድርጅቱ በብስክሌት አንድ ልጅ ይልካል፣ ልጁ ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል። ዶብሪኒን በኋላ ሲያስታውሰው፣ ልጁ መንገድ ላይ ከአንዲት ቆንጆ ጋር ወሬ እንዳይጀምር ከመመኘት ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። ኦክቶበር 28 ላይ ክሩሽቼቭ ሚሳይሎቹን እንደሚያነሳ ያሳወቀው በሞስኮ ሬዲዮ ነው፤ በሌላ መንገድ ቶሎ አይደርስማ!

ስምምነቱ ጄኔቫ ላይ ጁን 20 ቀን 1963 ተፈረመ፣ መስመሩ ኦገስት 30 ሥራ ጀመረ። ሽቦው ከዋሽንግተን ተነስቶ አትላንቲክን ያቋርጥና በለንደን፣ በኮፐንሃገን፣ በስቶክሆልምና በሄልሲንኪ አልፎ ሞስኮ ይገባል። ቢበጠስ ደግሞ በሞሮኮዋ ታንጀር በኩል የሬዲዮ መጠባበቂያ ነበረው። አሜሪካ በላቲን ፊደል የሚጽፉ አራት ቴሌታይፖች (በሽቦ የመጣ ጽሑፍ የሚያትሙ ማሽኖች) ወደ ሞስኮ ላከች፤ ሶቪየት ኅብረትም በምሥራቅ ጀርመን የተሠሩ አራት የሩሲያ ፊደል ቴሌታይፖች ወደ ዋሽንግተን ላከች። ማሽን የተለዋወጡት እያንዳንዱ ወገን በገዛ ቋንቋው ስለሚጽፍ ነው፤ መተርጎም የተቀባዩ ዕዳ ነው።

ፍጥነቱ በደቂቃ 66 ቃል ነበር። ያ ቀኑን ሙሉ የፈጀ ደብዳቤ በዚህ መስመር ቢመጣ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ይበቃው ነበር፣ የአስተርጓሚው ሰዓት ሳይቆጠር።

ቁልፍ ያዥ

ምስጠራውን ዘለልከው እኮ ሽቦ ዘርጊ፤ ከሁሉም የሚጥመው እሱ ነው።

ሁለት ባላንጦች አንድ የምስጢር ማሽን እንዴት ይጋራሉ? ምርጡን ማሽንህን ከሰጠኸው የጓዳህን አሠራር አሳየኸው ማለት ነው። መውጫው ኦስሎ ውስጥ ተመርቶ በገበያ ላይ የሚሸጥ መሣሪያ መጠቀም ሆነ፤ ኢቲሲአርአርኤም ይባላል። ማሽኑ ራሱ አንዳች ምስጢር የለውም። ምስጢሩ ያለው በወረቀት ጥብጣቡ ላይ ነው።

ጥብጣቡ በዘፈቀደ የተበሱ ቀዳዳዎች አሉት፤ በእያንዳንዱ ረድፍ አምስት ቦታ አለ፣ አንዱ ይበሳል፣ ሌላው ይታለፋል። መንትያ ሆኖ ይዘጋጃል፤ አንዱ ቅጂ ላኪው ዘንድ፣ ሌላው ተቀባዩ ዘንድ ይቀመጣል። ማሽኑ የፊደሉን ቀዳዳዎች ከጥብጣቡ ቀዳዳዎች ጋር ደምሮ ይልካል፤ ወዲያኛው ማሽን በመንትያው ጥብጣብ ይቀንስና ፊደሉን ያወጣዋል። ያለፈ ጥብጣብ አይመለስም፣ ይወገዳል። እያንዳንዱ አገር እሱ ለሚልከው መልእክት የሚሆነውን ጥብጣብ ራሱ አዘጋጅቶ በኤምባሲው በኩል ለሌላው ያደርሳል። ስለዚህ ማንም የማንንም ምስጢር አያይም።

የሚበላሸው የት ነው? አንደኛ፣ ጥብጣቦቹ በአንድ ረድፍ ከተዛነፉ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ትርጉም የለሽ ፊደል ሆኖ ይወጣል፤ ሁለቱም ቆመው መነሻ ተስማምተው እንደገና መላክ አለባቸው። ሁለተኛ፣ ጥብጣብ ካለቀ መስመሩ ደህና ሆኖም ምስጢር መላክ አይቻልም። ሦስተኛው ትልቁ ነው፤ አንድን ጥብጣብ ሁለት ጊዜ የተጠቀመ ሰው ምስጢሩ ያበቃለታል፣ ምክንያቱም ሁለቱን መልእክቶች አንዱን ከሌላው ቢቀንሱ ቁልፉ ራሱ ተጣፍቶ ይጠፋል። ሶቪየቶች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የቁልፍ ገጾችን ደግመው አትመው ነበር፤ አሜሪካኖች ቬኖና በተባለው ሥራ የስለላ ቴሌግራሞቻቸውን ያነበቡት በዚያች ስህተት ነው።

አንድ የጎን ወሬ፦ አምስት ቀዳዳ የሚሰጠው 32 ጥምረት ብቻ ነው። የእኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231 ይደርሳል። በግዕዝ ፊደል ቀዩን መስመር ይዘርጋ የሚል ሰው ቢነሳ ኖሮ ኢንጂነሮቹ ያለቅሱ ነበር።

ምን_ልበል

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ግን አልገባኝም፤ ድምፅ አይፈጥንም እንዴ? ሁለቱ መሪዎች ፊት ለፊት ቢነጋገሩ በግማሽ ደቂቃ ያልቅ የለ?

ሽቦ ዘርጊ

@ምን_ልበል ሲታይ እንደዚያ ይመስላል። መሪዎቹ ግን ቋንቋ አይጋሩም፤ በስልክ ቢነጋገሩ ኑክሌር ላይ የሚፈርደው የአንድ አስተርጓሚ የቅጽበት ምርጫ ነው። ደግሞ የደከመ፣ የተቆጣ፣ ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ሰው ድምፅ ከቃሉ በላይ ይናገራል። በጽሑፍ ሲሆን የመጣውን ቁጭ ብሎ አንብቦ፣ አማካሪ ጠርቶ፣ ረቂቅ አውጥቶ፣ ሰርዞ ደልዞ መመለስ ይቻላል። ወረቀቱም ይቀራል፤ «እንዲህ አላልኩም» የለም። መሪዎቹ በስልክ አይነጋገሩም ማለት አይደለም፣ ይነጋገራሉ። የሚነጋገሩበት ግን ሌላ መስመር ነው።

የሌሊት ፈረቃ

ስለ ፍተሻው ማንም አላነሳም። መስመር ማለት በየሰዓቱ ሲነካ ነው መስመር የሚሆነው፤ ዓመት ሙሉ ተዘግቶ የከረመ ሽቦ በጭንቅ ቀን ይሞታል።

አሠራሩ ይኸውላችሁ፤ ሌት ተቀን፣ በዓል የለ እሑድ የለ፣ ጎዶሎ ባልሆነው ሰዓት አሜሪካ የሙከራ ጽሑፍ ትልካለች፣ በጎዶሎው ሰዓት ሞስኮ ትልካለች። ጽሑፉ ፖለቲካ የሚነካ መሆን የለበትም፤ ከልብ ወለድ የተቀዳ አንቀጽ፣ የመጀመሪያ ሕክምና ርዳታ መመሪያ፣ እንዲህ ያለ ነገር ነው። ሌላኛው ወገን እንደ ስድብ ሊያነበው የሚችለው ምንባብ ይቀራል። በአዲስ ዓመትና መስመሩ በተከፈተበት በኦገስት 30 የመልካም ምኞት መልእክት ይለዋወጣሉ።

የመጀመሪያዋ የሙከራ መልእክት ፈጣኑ ቡናማ ቀበሮ በሰነፉ ውሻ ጀርባ ላይ ዘለለ የምትለው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ መጨረሻዋ ላይ ከ1 እስከ 0 ያሉት ቁጥሮች ተቀጥለዋል። ለቀልድ አይደለም። ዓረፍተ ነገሯ 26ቱን የላቲን ፊደላት በሙሉ ትይዛለች። ቁጥሮቹ የተጨመሩት ቴሌታይፕ ከፊደል ወደ ቁጥር የሚዞርበት ለብቻው ምልክት ስላለው ነው፤ ያ ምልክት ከጠፋ ተከትሎ የሚመጣው ቁጥር ሁሉ ፊደል ሆኖ ይታተማል። «5 መርከብ» የሚለው «ቲ መርከብ» ሆኖ ሲደርስ አስቡት።

ብልሽቱስ? ሰላይ አልነበረም የሚያስቸግራቸው። ፊንላንድ ውስጥ አንድ ገበሬ ሲያርስ በማረሻው ቆርጦታል፤ ዴንማርክ ውስጥ ቡልዶዘር በጥሶታል፤ ባልቲሞር አካባቢ የተቃጠለ የከርሰ ምድር ጉድጓድም አቋርጦታል። እንዲህ ስለሰለቹ ነው በ1971 ወደ ሳተላይት ለመዞር የተፈራረሙት፤ በአሜሪካ በኩል ኢንተልሳት፣ በሶቪየት በኩል ሞልኒያ። ሥራ ላይ የዋለው ግን በ1978 ነው፣ የምድር ጣቢያ መገንባት ጊዜ ይበላል። ፋክስ በ1984 ተስማሙበት፣ በ1986 ገባ፤ ካርታና ሥዕል መላክ የተቻለው ያኔ ነው። ከ2008 ወዲህ ደግሞ ኢሜይልና ኦፕሬተሮቹ በጽሑፍ የሚወያዩበት ቻት ነው።

አዛውንቱ

ልጆች፣ የመስመሩን ዕቃ በደንብ ቆጥራችኋል። ሲሠራ ምን ይመስል እንደነበር ደግሞ ከጁን 1967 በላይ የሚያሳይ የለም።

ጁን 5 ጠዋት እስራኤልና ግብፅ ጦርነት ጀምረዋል። የሶቪየቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኮሲጊን መልእክት ላከ፤ በሁለቱ መሪዎች ስም መስመሩ ለእውነተኛ ቀውስ ሲውል ይህ የመጀመሪያው ነው። መልእክቱ ፔንታገን ደረሰ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ማክናማራ ተጠራ፤ ለምን እሱ ጋ እንደተደወለ ሲጠይቅ መስመሩ የሚያልቀው ፔንታገን ውስጥ እንጂ ዋይት ሐውስ እንዳልሆነ ተነገረው። እንግዲህ መስመሩ ከተዘረጋ አራት ዓመት ሊሞላው ነው! ያኔ ነው ተጣድፈው ወደ ዋይት ሐውስ የቀጠሉት። ሞስኮ ድረስ ውቅያኖስ አቋርጠው፣ ከፔንታገን ዋይት ሐውስ ያለችውን ቁራጭ ግን ረሷት።

ቀጥሎ አጠራር መጣ። የአሜሪካ ኦፕሬተሮች ኮሲጊን በምን ማዕረግ እንደሚጠራ የሞስኮ ኦፕሬተሮችን ጠየቁ። «ጓድ ኮሲጊን» የሚል መልስ አገኙ። የፕሬዚዳንት ጆንሰንም መልእክት «ለጓድ ኮሲጊን» ተብሎ ሄደ። በዚያን ጊዜ ሞስኮ የነበረው ዶብሪኒን በኋላ ለአሜሪካዊው ዲፕሎማት ቶምሰን እንዳጫወተው፣ እነሱ ደንግጠው ፕሬዚዳንቱ እያሾፈባቸው መስሏቸው ነበር። «ጓድ» መባል ማን ከማን ጋር ሲነጋገር ምን እንደሚመዝን በደርግ ዘመን ያደገ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገውም። የካፒታሊስቶቹ አለቃ «ጓድ» ሲልህ ወይ ፍቅር ነው ወይ ስድብ።

ጁን 8 ላይ ሊበርቲ የተባለችው የአሜሪካ መርከብ ሲና አጠገብ በእስራኤል ተመታች። ከአሜሪካ የአውሮፕላን ተሸካሚ ተዋጊ ጄቶች ወደዚያ ሊነሱ ሆነ። ሶቪየቶች በራዳር ሲያዩ ወደ ግብፅ የሚበር ጥቃት ይመስላቸዋል። ስለዚህ ጆንሰን አስቀድሞ በመስመሩ ጻፈ፤ አውሮፕላኖቹ የሚሄዱት መርከቧን ለመርዳት ብቻ ነው አለ። ኮሲጊን መልእክቱ እንደደረሰውና ለግብፁ መሪ ለናስርም እንዳስተላለፈው መለሰ። መስመሩ ለዚህ ነው የተሠራው። አጭር መልእክት፣ አንድ ጉዳይ፣ ከድርጊቱ በፊት።

ጁን 10 ግን ከባዱ ቀን ነው። እስራኤል በሶርያው ጎላን ላይ እየገፋች ሳለ ኮሲጊን ጥቃቱ ካልቆመ ሶቪየት ወታደራዊ እርምጃን ጨምሮ አስፈላጊውን እንደምታደርግ ጻፈ። ክፍሉ ውስጥ ዝምታ ሆነ። ቶምሰን ያደረገው የመጀመሪያ ነገር የሩሲያኛውን ጽሑፍ አምጥቶ «ወታደራዊ» የሚለው ቃል በእርግጥ እንዳለበት ማየት ነው። ነበረበት። ጆንሰን ሜዲትራኒያን ላይ ያለውን ስድስተኛውን የአሜሪካ የመርከብ ጦር ወደ ሶርያ ዳርቻ አስጠጋ፤ በመስመሩ የላከው መልስ ግን ለዘብ ያለ ነበር። መርከቦቹ መዞራቸውን ሶቪየቶች በራሳቸው ዓይን እንደሚያዩ ያውቃል፣ በወረቀት መዛት አላስፈለገውም። በዚያው ቀን ተኩሱ ቆመ።

ቁልፍ ያዥ

ጋሼ፣ የትርጉሙን ነገር ስላነሱት ደስ አለኝ። ዋናውን ጽሑፍ የማየት ልማድ እስከ ዛሬ ሥራው ነው፤ ጥድፊያ ላይ የወጣ የመጀመሪያ ትርጉም ለመሪው የሚሰጠው «ረቂቅ ትርጉም» ተብሎ ነው፣ የተስተካከለው በኋላ ይከተላል። በረቂቅ ላይ ተመሥርቶ መልስ የጻፈ ሰው የተስተካከለው ሲመጣ ያፍራል።

ማሳወቂያ24

ሁላችሁንም አክብሬ ልቃወም። የመሪዎቹ መስመር የሰርግ ልብስ ነው፤ በዓመት አንዴም ላይለበስ ይችላል። ሰላሙን የሚጠብቀው የዕለት ልብሱ ነው፣ እሱን ማንም አያወራለትም።

ሴፕቴምበር 15 ቀን 1987 የሁለቱ አገሮች የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ሹልትዝና ሼቫርድናድዜ የኑክሌር አደጋ መቀነሻ ማዕከላትን ለማቋቋም ፈረሙ። ማዕከላቱ አፕሪል 1 ቀን 1988 ተከፈቱ፤ የአሜሪካው በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ የሶቪየቱ በመከላከያ ሚኒስቴር ውስጥ። እዚያ የሚቀመጠው መሪ አይደለም፤ በፈረቃ የሚሠራ ሠራተኛ ነው። የሚለዋወጡት ፎርም ነው። ቁጥር፣ ቀን፣ ቦታ፣ የአንቀጽ ቁጥር።

ቀጥሎ በሜይ 31 ቀን 1988 የተፈረመው ውል መጣ፤ አህጉር አቋራጭ ወይም ከሰርጓጅ መርከብ የሚተኮስ ባለስቲክ ሚሳይል ለመሞከር ያሰበ ወገን ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ቀኑን፣ የሚተኮስበትን አካባቢና የሚወድቅበትን አካባቢ ያሳውቃል። በቃ፣ ይኸው ነው። ዓላማ አይጠየቅም፣ ማብራሪያ የለም። ይህች ትንሽ ወረቀት ራዳር ላይ ያለውን ሰው «የምታየውን አውቀነዋል» ትለዋለች።

ወረቀቷ ሳትደርስ ስትቀር ምን እንደሚሆን ጃንዋሪ 25 ቀን 1995 ታይቷል። ኖርዌይ ከአንዶያ ደሴት የሰሜን ብርሃንን ለማጥናት የምርምር ሮኬት ተኮሰች፤ ብላክ ብራንት 12 ይባላል። ሩሲያን ጨምሮ ለጎረቤቶቿ ሁሉ ከሳምንታት በፊት አሳውቃለች። ማስታወቂያው ሩሲያ ገባ፤ ከገባበት ቢሮ ግን እስከ ራዳር ጣቢያው አልዘለቀም። የራዳሩ ሰዎች ያዩት ከሰርጓጅ መርከብ የተተኮሰ ትራይደንት የተባለውን የአሜሪካ ሚሳይል የሚመስል ነገር ነው። የኑክሌር ትእዛዝ የሚሰጥበት የፕሬዚዳንት የልሲን ቦርሳ ተከፈተ። ሮኬቱ ወደ ስፒትስበርገን እንደሚሄድ እስኪታወቅ ድረስ ደቂቃዎች ተቆጠሩ። ኖርዌይ ጥፋት የላትም፣ በአገር መካከል ያለው ሽቦም አልተበጠሰም። የተበጠሰው ሞስኮ ውስጥ ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ የሚወስደው መንገድ ነው። ጋሼ አዛውንቱ የጻፉት የፔንታገን ታሪክም ይኸው በሽታ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ አገሮች የማስጠንቀቂያ መረጃ አንድ ላይ የሚያዩበት ማዕከል ሞስኮ ውስጥ ለመክፈት በጁን 2000 ክሊንተንና ፑቲን ፈረሙ። አልተከፈተም። ያቆመው የሚሳይል ጉዳይ እንዳይመስላችሁ፤ በዕቃው ላይ ቀረጥ ማን ይክፈል፣ አደጋ ቢደርስ ተጠያቂው ማነው የሚል የጠበቆች ክርክር ነው።

ምን_ልበል

ይቅርታ፣ እንደገና ልጠይቅ። ኖቬምበር 2024 ሩሲያ በዩክሬኗ ዲኒፕሮ ላይ ኦሬሽኒክ የተባለውን ሚሳይል ስትተኩስ ለአሜሪካ አሳውቃለች ተብሎ ነበር። በየትኛው መስመር?

ማሳወቂያ24

በዚሁ በማዕከላቱ መስመር። የክሬምሊን ቃል አቀባይ ፔስኮቭ ከ30 ደቂቃ በፊት በራስ ሰር ሥርዓት ተልኳል አለ፤ ፔንታገንም ጥቂት ቀደም ብሎ በኑክሌር አደጋ መቀነሻ መስመር እንደደረሰው አረጋገጠ። ልብ በሉ፣ 30 ደቂቃና 24 ሰዓት አንድ አይደሉም። የ1988ቱ ውል የሚያስገድደው ለአህጉር አቋራጩና ለሰርጓጅ መርከቡ ሚሳይል ነው፤ ኦሬሽኒክ መካከለኛ ርቀት ስለሆነ የ24 ሰዓቱ ግዴታ አይነካውም። ግን ሲነሳ ራዳር ላይ ከትልቁ ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ ግዴታ ባይኖርም መላኩ ለላኪው ራሱ ይጠቅመዋል።

በኦክቶበር 2016 ኦባማ በአሜሪካ ምርጫ ስለተደረገው ጣልቃ ገብነት ለሩሲያ ማስጠንቀቂያ የላከውም በዚሁ ነው። ጋዜጦች «በቀዩ ስልክ» ብለው ጻፉ። በ2013 ለሳይበር ጉዳይም እንዲውል የተስማሙበት የማዕከላቱ መስመር ነው እንጂ የመሪዎቹ አይደለም።

ሸፋኝ

የኑክሌር መሣሪያ ፍተሻውን ነገር ላምጣ፤ መልእክት ብቻውን ያለ ዓይን አይታመንም።

የአሜሪካንና የሩሲያን የኑክሌር መሣሪያ የሚገድበው ውል ኒው ስታርት በአፕሪል 2010 ፕራግ ላይ ተፈርሞ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2011 ሥራ ላይ ዋለ። ጣሪያው 1,550 የተሰማሩ የኑክሌር አረሮች፣ 700 የተሰማሩ ሚሳይሎችና ቦምብ ጣዮች፣ የተሰማሩትንም ያልተሰማሩትንም ጨምሮ 800 ማስወንጨፊያና ቦምብ ጣይ ነበር። በዓመት 18 ፍተሻ ይፈቅድ ነበር፤ 10ሩ ጦሩ ባለበት፣ 8ቱ መጋዘንና የመሳሰለው ላይ። አንድ ቡድን እስከ 10 ሰው ነበር። ከመድረሳቸው ቢያንስ ከ32 ሰዓት በፊት ያሳውቁ ነበር፤ የሚገቡት በተወሰነ በር ነበር፣ ሩሲያ ውስጥ በሞስኮ ወይም በኡላን ኡዴ፣ አሜሪካ ውስጥ በዋሽንግተን ወይም በሳን ፍራንሲስኮ። የትኛውን ሰፈር እንደሚፈትሹ የሚናገሩት ከገቡ በኋላ ነበር። ስሙ እንደተጠራ እዚያ ሰፈር ያለው ዕቃ ባለበት ይቆም ነበር፤ መውጣት መግባት አልነበረም።

ውሉ ሲሠራ ፍተሻው ምን ይመስል እንደነበር ቅርብ ብለን እንየው። ፈታሾቹ አንድ ሚሳይል ይመርጣሉ። አስተናጋጁ የሚሳይሉን አናት ይከፍታል። በውስጡ ያሉት አረሮች እያንዳንዳቸው ለየብቻ በጨርቅ ተሸፍነዋል፤ ቅርጻቸው ምስጢር ነው፣ ቁጥራቸው ግን አይደለም። ፈታሹ የሽፋኑን ብዛት ቆጥሮ ከተነገረው ጋር ያመሳክራል። «ይሄኛው ኑክሌር አይደለም» የተባለ ዕቃ ካለ የኒውትሮን መለኪያ ይቀርባል፤ መጀመሪያ ባዶ ቦታ ላይ ያለው ጨረር ይለካል፣ ቀጥሎ ዕቃው አጠገብ። አንዳንዴ የሚያጣላው ሽፋኑ ነው። አንዱ ሁለት ዕቃ በአንድ ሽፋን ሸፍነሃል ይላል፣ ሌላው ሽፋኑ ትክክል ነው ይላል። ጉዳዩ ወደ ጄኔቫ፣ ሁለቱ ወገኖች ወደሚሰበሰቡበት የምክክር ኮሚሽን ይሄዳል።

እስከ 2023 መጀመሪያ 328 ፍተሻና ከ25 ሺህ በላይ ማሳወቂያ ተደርጓል። ፍተሻው በማርች 2020 በኮቪድ ቆመ፤ ሊመለስ ሲል ዩክሬን መጣች። በኦገስት 2022 ሩሲያ ፈታሽ አላስገባም አለች፤ ምክንያቷ በማዕቀቡ የተነሳ የሩሲያ ፈታሾች ቪዛና የአየር መንገድ ማግኘት አልቻሉም የሚል ነበር። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2023 ፑቲን ተሳትፎውን አገደ። አሜሪካም መረጃዋን መስጠት አቆመች። የውሉ ዕድሜ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2026 አለቀ፤ በ2021 የተራዘመው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ጽሑፉ ሁለተኛ ማራዘሚያ አይሰጥም።

ሩሲያ ስታግድም የሚሳይል ሙከራ ማሳወቋን እንደምትቀጥል ተናግራ ነበር፤ ያ የ1988ቱ ውል ነው፣ ከኒው ስታርት አይያያዝም፣ የጊዜ ገደብም የለውም። @ማሳወቂያ24 እዚህ ላይ እስማማለሁ፤ ትልቁ ሲሞት ትንሹ ቀረ።

ቃኘው ሰፈር

የእኛ ቃኘው ጣቢያስ? አስመራ ላይ የነበረው የአሜሪካ የሬዲዮ ጣቢያ ይህን መስመር ያገለግል ነበር የሚል ሰምቻለሁ።

ሽቦ ዘርጊ

የቀዩ መስመር የሬዲዮ መጠባበቂያ በውሉ ላይ የተጻፈው በታንጀር በኩል ነው። ቃኘው በ1953ቱ ስምምነት የአሜሪካ ጦር የመገናኛና የጠለፋ ጣቢያ ነበር፤ ሥራው የሌሎችን መልእክት መስማት ነው እንጂ የመሪዎችን መላክ አይደለም። በ1977 ተዘጋ።

አዛውንቱ

ከእኛ አገር ጋር የሚያያዘው ሌላ ነው ቃኘው ሰፈር። በ1977 እና 78 በኦጋዴን ጦርነት ሶቪየቶችና ኩባውያን ወደ ኢትዮጵያ ሲገቡ የካርተር የጸጥታ አማካሪ ብሬዢንስኪ ሶልት፣ ማለትም የስትራቴጂክ መሣሪያ መገደቢያው ድርድር፣ በኦጋዴን አሸዋ ውስጥ ተቀበረ ብሏል። ሁለተኛው የሶልት ውል በ1979 ተፈረመ፤ የአሜሪካ ሴኔት ግን አላጸደቀውም፣ አፍጋኒስታንም ተከተለች። ከጅጅጋ በታች የተደረገ ውጊያ ጄኔቫ ላይ ያለውን ጠረጴዛ ነቅንቋል።

መርከበኛው

ስለ ባሕሩ ማንም ስላላነሳ በአጭሩ። በሜይ 1967 ዎከር የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ በጃፓን ባሕር ላይ ከሶቪየት መርከቦች ጋር ተጋጨች። ከዚያ ዓይነቱ ጉዳይ ነው የሜይ 25 ቀን 1972ቱ የባሕር ክስተቶች ስምምነት የተወለደው፤ ሞስኮ ላይ የአሜሪካው የባሕር ኃይል ሚኒስትር ጆን ዋርነርና የሶቪየቱ አድሚራል ጎርሽኮቭ ፈረሙት። ፍሬ ነገሩ መድፍ፣ የሚሳይል ማስወንጨፊያ፣ የቶርፔዶ ቱቦ ወደ ሌላው አታነጣጥር፤ የመርከቡን መሪ ክፍል በመብራት አታጥለቅልቅ፤ አደገኛ ልምምድ ካለህ ከ3 እስከ 5 ቀን አስቀድመህ ለባሕረኞች አስታውቅ የሚል ነው። ክስ ካለ በባሕር ኃይል አታሼዎች በኩል ያልፋል። በዓመት አንዴ መኮንኖቹ ተሰብስበው ያለፈውን ዓመት ክስ አንድ በአንድ ያነሳሉ። የሠራው ባለሙያ ከባለሙያ ጋር ስለሚገናኝና ጋዜጠኛ ስለሌለበት ይመስለኛል።

ምን_ልበል

አሁን ትልቁ ፉክክር ከቻይና ጋር አይደለም እንዴ? እነሱስ እንዲህ ያለ ነገር አላቸው?

ማሳወቂያ24

መስመሩ አለ፤ የመሪዎቹ ከ1998 ጀምሮ፣ የመከላከያው በ2008 ስምምነት። ችግሩ የሚያነሳ ሰው ነው።

አፕሪል 1 ቀን 2001 የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላንና የቻይና ተዋጊ ጄት ደቡብ ቻይና ባሕር ላይ ሲጋጩ ቤጂንግ ያለው የአሜሪካ አምባሳደር ፕሩየር ደጋግሞ ደወለ፣ ለሰዓታት የሚያነሳ አልነበረም። 24ቱ የስለላ አውሮፕላኑ ሠራተኞች በቻይናዋ ሃይናን ደሴት ላይ 11 ቀን ተያዙ። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2023 አሜሪካ ሰማይ ላይ የገባው የቻይና ፊኛ እንደተመታ የአሜሪካው የመከላከያ ሚኒስትር ኦስቲን ወዲያው ጥሪ ጠየቀ፤ ቤጂንግ እምቢ አለች። ከዚያ በፊት በኦገስት 2022 የአሜሪካ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ፔሎሲ ታይዋን ስትሄድ የጦር አዛዦቹ ንግግር ተሰርዞ ነበር፤ የተመለሰው ባይደንና ሺ በኖቬምበር 2023 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዉድሳይድ ላይ ከተገናኙ በኋላ ነው።

የማያነሱት በንቀት ብቻ አይደለም። አንደኛ፣ እዚያ ፓርቲው አቋም ሳይወስን ሚኒስትር አይናገርም፤ ስልኩ የሚጠራበት ሰውዬ ደግሞ ወሳኝ አይደለም፣ ወሳኙ የማዕከላዊ ወታደራዊ ኮሚሽኑ ነው። ሁለተኛ፣ ባለሙያዎቻቸው የሚያነሱት ክርክር አለ፤ ለሚከንፍ ሹፌር ቀበቶ ብታስርለት ይብሱን ይከንፋል ይላሉ። አሜሪካ በደጃችን መብረሯን ታቁም እንጂ ስንጋጭ የምንደዋወልበትን አናሳምርላትም ነው ነገሩ። እኔ አልስማማበትም፣ ግን ደደብ ክርክር አይደለም።

ቻይና የሚሳይል ሙከራን ለማሳወቅም ከሩሲያ ጋር በ2009 የተፈረመ ውል አላት፣ ከአሜሪካ ጋር የላትም። በሴፕቴምበር 2024 ወደ ፓስፊክ ስትተኩስ ግን ለአሜሪካ አስቀድማ ነግራለች። በዚያው ወር የአሜሪካው የኢንዶ ፓስፊክ አዛዥ ፓፓሮ ከቻይናው የደቡብ ቀጣና አዛዥ ዉ ያናን ጋር በቪዲዮ ተነጋግሯል።

ምን_ልበል

ሁሉም ገባኝ። የቀረኝ አንድ ብቻ ነው፤ ቀይ ስልክ ካልነበረ ወሬው ከየት መጣ?

የሌሊት ፈረቃ

ከፊልምና ከምርጫ ማስታወቂያ። በ1984 ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው ሞንዴል በቅድመ ምርጫው ላይ የሚያበራ ቀይ ስልክ የሚያሳይ ማስታወቂያ አስነግሯል። አትላንታ ያለው የካርተር ሙዚየምም አንድ ቀይ ስልክ አስቀምጧል፤ ለማሳያ የተቀመጠ ነው፣ የቁጥር መደወያ እንኳ የለውም።